ፓሲቭ ቮይስ በእንጀራ

የዛሬው የእንግሊዝኛ አምዳችን ስለ ፓሲቭ ቮይስ ነው። ለፈተና ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። እኛ 7ኛ ክፍል ሳይንስን በእንግሊዝኛ ነው የምንማረው። መጽሐፉ ሙከራ ሲያስረዳ «ሶልት ኢዝ አዲድ» ይላል፤ ጨው ይጨመራል ማለት ነው። ማን እንደጨመረው አይነግረንም። ይሄ ካልገባን ሳይንሱም አይገባንም።

በአማርኛ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። «እናቴ እንጀራ ትጋግራለች» አክቲቭ ነው፣ «እንጀራ ይጋገራል» ደግሞ ፓሲቭ። አማርኛ ግሱን ራሱን ይለውጠዋል፤ እንግሊዝኛ «ኢዝ» ወይም «አር» ያስገባና ግሱን በፓስት ፓርቲሲፕል ይጽፈዋል። በሉ ማድ ቤት እንግባ፦

ዱቄቱ በውኃ ይቦካል፦ ዘ ፍላወር ኢዝ ሚክስት ዊዝ ዋተር።
ሊጡ 3 ቀን ይቀመጣል፦ ዘ ዶ ኢዝ ሌፍት ፎር ስሪ ዴይስ።
በምጣድ ይጋገራል፦ ኢት ኢዝ ቤክት ኦን ኤ ምጣድ።

«ሌፍት» የመጣው ከ«ሊቭ» ስለሆነ በቃል መያዝ አለበት፣ ሌላ መላ የለውም። «ቤክት» ስትሉ መጨረሻው «ት» ነው፤ «ቤኪድ» የምትሉ አላችሁ! «ኢድ» የሚሰማው እንደ «አዲድ» ባሉት ላይ ነው።

አንድ የምታምር ነገር ልጨምር። እንጀራ «ሜድ ፍሮም» ጤፍ ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም ጤፉ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗል። መሶብ ግን «ሜድ ኦፍ» ግራስ ነው። ስንደዶውና አክርማው አሁንም ይታያላ!

እስቲ እናንተ ደግሞ የሽሮ ወጥ አሠራርን በ5 ፓሲቭ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ለክበባችን ስጡ። «ማይ ማዘር» የሚል እንዳይገባበት።