ከስትሮክ በኋላ፦ እጄ እንደገና ይሠራ ይሆን?

ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም በአንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ነው። ከስትሮክ በኋላ የብዙ ሰዎች ክንድና እጅ በአንድ ወገን ይደክማል። ሐኪሞችና ቴራፒስቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚያደርጉት ምርመራ እጅዎ ምን ያህል ሊሻለው እንደሚችል ግምት ሊሰጡዎት ይችላሉ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የሚደረግ ምርመራ

ቴራፒስቱ ሁለት ነገሮችን እንዲያደርጉ ይጠይቅዎታል፦
• ክንድዎን ወደ ጎን ማንሳት
• ጣቶችዎን መዘርጋት

ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 0 ማለት ምንም እንቅስቃሴ የለም፤ 5 ማለት ሙሉ ጉልበት አለ ማለት ነው። ጣትዎ በጥቂቱም ቢሆን ከተዘረጋ፣ ከአንጎል ወደ እጅ ትእዛዝ የሚያደርሰው የነርቭ መንገድ ቢያንስ በከፊል እየሠራ ነው።

ነጥቡ ምን ያመለክታል?

• ድምሩ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፦ በ3 ወር ጊዜ እጅዎን ለዕለት ተዕለት ሥራ የመጠቀም ዕድልዎ ጥሩ ነው።
• ድምሩ ከ5 በታች ከሆነ፦ ነገሩ ገና አልታወቀም። አንዳንድ ሆስፒታሎች ጭንቅላት ላይ በሚያዝ የማግኔት መሣሪያ ትእዛዙ እጅ ድረስ መድረሱን ይመረምራሉ። መርፌ ወይም ቀዶ ጥገና የለውም። የልብ ምት ማስተካከያ፣ በራስዎ ውስጥ ብረት ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎት አስቀድመው ይንገሩ።

ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም

ይህ ዘዴ በተዘጋጀበት በኒውዚላንድ፣ ግምቱ ትክክል የሆነው ከ4 ሰዎች ለ3ቱ ያህል ነው። በሆላንድ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2ኛው ቀን ሁለቱንም እንቅስቃሴዎች ማድረግ ካልቻሉ ሰዎች መካከል ከ100ው 25 ያህሉ በ6 ወር እጃቸውን በመጠኑ ለመጠቀም እንደበቁ አሳይቷል። ስለዚህ ግምቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ቴራፒዎን አያቁሙ። ጥሩ ቢሆንም ልምምዱን አይተዉ።

እርስዎና ቤተሰብዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ብዙው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። የቴራፒ ቀጠሮ አያሳልፉ።
• ቤተሰብ በፍቅር ሊያጎርስዎና ሊያለብስዎ ይፈልግ ይሆናል። የሚችሉትን ያህል በደከመው እጅ እርስዎ ይሞክሩ። ምግብና መጠጥ ከመጀመርዎ በፊት ግን መዋጥ እንደሚችሉ ይመርመሩ።
• ታማሚውን ስታነሱ የደከመውን ክንድ አትጎትቱ፤ ትከሻው ሊጎዳ ይችላል።
• እጅ ባይመለስም፣ በአንድ እጅ ለመልበስ፣ ምግብ ለማብሰልና ለመሥራት የሚረዱ ዘዴዎችና መሣሪያዎች አሉ። ቴራፒስቱ ያሳይዎታል።

ሐኪምዎን ወይም ቴራፒስትዎን ይጠይቁ

• የክንዴና የጣቶቼ ነጥብ ስንት ነው?
• በ3 ወር ምን መሥራት እችላለሁ ብላችሁ ትገምታላችሁ?
• ቤት ውስጥ በየቀኑ ምን ልለማመድ?
• እንደገና መቼ ትመረምሩኛላችሁ?

ይህን ንግግር በአማርኛ የማድረግ መብት አለዎት። ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አይከፍሉም። ልጆችዎ እንዲያስተረጉሙ አያድርጉ።

ወዲያውኑ 911 ይደውሉ

ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ክንድ ወይም እግር በድንገት ከደከመ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ አዲስ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እስኪያልፍ አይጠብቁ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ።