መቃብር የሌለው ወንድማችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ሳኦል በጊልቦዓ በወደቀ ጊዜ፥ ቀድሞ ያዳናቸው የኢያቢስ ገለዓድ ጎበዞች ሌሊቱን ሁሉ ተጉዘው ሬሳውን ከቤትሳን ቅጥር አወረዱ፤ አጥንቱን ቀብረውም ሰባት ቀን ጾሙ (1ኛ ሳሙ. 31)። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. ኮርያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ከ120 በላይ ጓዶቻቸው ሲሠዉ አንድ ሰው እንኳ አላስማረኩም፤ ሙታናቸውንም በሜዳ ጥለው አልተመለሱም።

ነገር ግን ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በባድመ፥ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወድቀው አስከሬናቸው ወደ እናታቸው ደጅ ያልተመለሰ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋም መርዶ እንጂ ሬሳ ያልገባበት ቤት አለ።

ለእነዚህስ ምን እናድርግ? ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐትና በተዝካር የምትጠራው የክርስትና ስምን ነው። እኛ ጓደኞቹ ግን ብዙ ጊዜ የምናውቀው የቤት ስሙን ብቻ ነው። እንግዲህ እናቱን ጠይቀን የክርስትና ስሙን እንጻፍ፤ ለካህኑም እናድርስ። በአርባው ብቻ ሳይሆን በየሙት ዓመቱ ሄደን ውኃ እንቅዳላት፥ እንጨት እንፍለጥላት። ሬሳውን መሸከም ባንችል ስሙን እንሸከም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።