እንቅርት፣ አዮዲንና የጓዳችን ጨው

የሳይንስ ትምህርት ለተማሪዎችና ለወላጆች



ችግር በችግር ላይ ሲደራረብብን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንላለን። ይህ አባባል ከአፋችን የማይጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋው አገራችን አንገታቸው ያበጠ እናቶችንና አክስቶችን ማየት የተለመደ ነበር። አንዳንዱ ዘር ነው ይላል፤ አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ውሃው ነው ይላል። ብዙ ሴቶችም በነጠላቸው አንገታቸውን ሸፍነው፣ አፍረው ኖረዋል። በዛሬው ትምህርታችን እንቅርት ከምን እንደሚመጣ፣ ከሕፃናት አእምሮ ጋር ምን እንደሚያገናኘውና እንዴት መከላከል እንደሚቻል እንመለከታለን። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ታይሮይድ ዕጢ ምንድን ነው?

እጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምራቃችሁን ዋጡ። ከፍና ዝቅ የሚለው ጠንካራ ነገር ማንቁርት ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ፣ የአየር ቧንቧውን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ ዕጢ አለ። ስሙ ታይሮይድ ይባላል።

ይህ ዕጢ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞን ማለት ከዕጢ ወጥቶ በደም አማካይነት ወደ ሌላው አካል የሚሄድ መልእክተኛ ማለት ነው። የታይሮይድ ዋናው ሆርሞን ታይሮክሲን ይባላል። ሰውነታችን ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን ፍጥነት፣ የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትንና የልጆችን ዕድገት ይቆጣጠራል። ከሁሉ በላይ ግን ሕፃን በማኅፀን ሳለና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አእምሮው በደንብ እንዲሠራ ያደርጋል።

በእያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል ውስጥ አራት የአዮዲን አተሞች አሉ። ዱቄት በሌለበት ቤት እንጀራ እንደማይጋገር ሁሉ፣ አዮዲን በሌለበት ታይሮክሲን አይሠራም።

2. አንገት የሚያብጠው ለምንድን ነው?

ከአእምሯችን ሥር ፒቱታሪ የሚባል ሌላ ትንሽ ዕጢ አለ። በደም ውስጥ ታይሮክሲን ሲያንስ ፒቱታሪ ለታይሮይድ «ጨምረህ ሥራ» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ታይሮይድ ግን አዮዲን ካላገኘ ምን ይሠራል? ድርና ማግ ሳይሰጡት ልብስ አምጣ እየተባለ እንደሚጨቀጨቅ ሸማኔ ይሆናል። ትእዛዙ እየበዛ ሲሄድ ከደም ውስጥ ያለችውን ጥቂት አዮዲን አሟጦ ለመያዝ ሲል ራሱን ያሰፋል። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። ስለዚህ እንቅርት እርግማን አይደለም፤ የምታሳፍርም ነገር አይደለችም።

እብጠቱ ከውጭ የሚታየው የችግሩ ክፍል ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ሲያንሳት ፅንሱ ሊወርድ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በሕይወት የሚወለደውም ሕፃን አእምሮው የዘገየ፣ መስማትና መናገር የተሳነው ሊሆን ይችላል። ይህ ጉዳት አንዴ ከደረሰ በኋላ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን፣ መከላከል ከሚቻሉት የአእምሮ ጉዳት መንስኤዎች ሁሉ ዋነኛው አድርጎ ሲቆጥረው ኖሯል። እጥረቱ መለስተኛ በሆነበት አካባቢም ልጆች በትምህርታቸው ይደክማሉ። እኛም «ልጁ ሰነፍ ነው» ብለን እንፈርድበት ይሆናል።

3. ምን ያህል ያስፈልገናል?

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በቀን የሚያስፈልገው የአዮዲን መጠን የሚከተለው ነው።

ከ0 እስከ 5 ዓመት፦ 90 ማይክሮግራም
ከ6 እስከ 12 ዓመት፦ 120 ማይክሮግራም
ከ12 ዓመት በላይ፦ 150 ማይክሮግራም
ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፦ 250 ማይክሮግራም

ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር በሕይወቱ ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢደመር 4 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም ማለት ነው። ነገር ግን ሰውነታችን ለብዙ ጊዜ ሊያከማቸው ስለማይችል በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ ማግኘት አለብን።

4. ደጋው የተጎዳው ለምንድን ነው?

አዮዲን በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። በብዙ ሺህ ዓመታት የዘነበ ዝናብ ከተራራው አፈር አጥቦ ወደ ባሕር ወስዶታል። በባሕር ዓሣና በባሕር አረም ውስጥ በብዛት የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። አፈሩ አዮዲን ሲያጣ እህሉ ያጣል፤ ሣሩ ያጣል፤ ሣሩን የምትበላው ላምና ወተቷም ያጣሉ። ጤፉ የቱንም ያህል ቢያምር ከአፈሩ ውስጥ የሌለውን ነገር ሊሰጠን አይችልም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። የአልፕስ ተራሮች አገር የሆነችው ስዊዘርላንድ በእንቅርት የታወቀች ነበረች። በ1811 ፈረንሳዊው ቤርናር ኩርቷ ከባሕር አረም አመድ አዮዲንን አገኘ። በ1820 ደግሞ የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀመረ። ስዊዘርላንድ በ1922 አዮዲን የተጨመረበትን ጨው ለሕዝቧ ማዳረስ ከጀመረች በኋላ እንቅርቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠፋ ሄደ።

ጨው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሀብታምም ድሃም በየቀኑ ይበላዋል፤ የሚበላው መጠንም ከሰው ሰው ብዙ አይለያይም።

5. የኢትዮጵያ ጨው ታሪክ

አያቶቻችን ከአፋር በረሃ በግመል ተጭኖ የሚመጣውን አሞሌ ጨው ይበሉት ነበር፤ እንደ ገንዘብም ይገበያዩበት ነበር። በኋላ ዘመን ግን አብዛኛው የአገሪቱ ጨው የሚመጣው ከአሰብና ከምፅዋ ነበር። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ይህ መንገድ ተዘጋ። በቦታው የተተካው በአፋር ከሚገኘው ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣ፣ በብዙ ትናንሽ አምራቾች የሚመረት አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ነበር።

ውጤቱ በአንገት ላይ ታየ። በ2005 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከ100ው ወደ 40 የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው። በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204/2011ን አወጣ። በ2016 ጥናቱ ሲደገም አዮዲን ያለበት ጨው ከ100 ቤት በ89ኙ ተገኘ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በጨው ውስጥ አዮዲን መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ መጠኑ በቂ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው። መጠኑ ሁልጊዜ ሊመረመር ይገባል።

6. ከበዛስ?

አሁን የምንኖርባት ኬንያ ጨዋን የምታገኘው በአብዛኛው በማሊንዲ አካባቢ ካለው የባሕር ዳርቻ ነው። አዮዲን መጨመር የጀመረችውም ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ነው። በናይሮቢ ሱቅ «ቹምቪ» ብላችሁ የምትገዙት የታሸገ ጨው አዮዲን አለበት።

ነገር ግን ጥሩ ነገርም ልክ አለው። ለረጅም ጊዜ በካምፕ በኖሩ አፍሪካውያን ስደተኞች ላይ የተደረገና በ2006 የታተመ ጥናት፣ ስደተኞቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ አዮዲን ያገኙ እንደነበር አሳይቷል። በዚምባብዌም በ1990ዎቹ ለብዙ ዘመን አዮዲን ላጣው ሕዝብ በድንገት በብዛት ሲደርሰው፣ ታይሮይዳቸው ከልክ በላይ የሚሠራባቸው ሰዎች ቁጥር ጨምሮ ነበር። ምልክቶቹም፦ ልብ ሳይሮጡ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እየበሉ መክሳት፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ናቸው።

7. ድመትም ታይሮይድ ያማታል?

ይህን ትምህርት በክፍል ስናነሣ አንዲት ተማሪ «እንስሳትስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለእኛ ትምህርት አለው። የድመት ታይሮይድ እንደ ሰው ታይሮይድ በአዮዲን ይሠራል። በድመት ላይ በብዛት የሚታየው በሽታ ግን የእጥረት ተቃራኒ ነው። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ባለፈ ድመቶች ላይ ዕጢው ያብጥና ከልክ በላይ ሆርሞን ይሠራል። ድመቲቱ ሌት ተቀን ትበላለች፤ ግን ትከሳለች፤ ልቧም በፍጥነት ይመታል። ይህ በሽታ በሐኪሞች ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው በ1979 በአሜሪካ ነው።

ሕክምናው በአራት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው በየቀኑ የሚወሰድ ኪኒን ነው፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሦስተኛው አዮዲኑ በጣም የተቀነሰ ልዩ ምግብ ነው። አራተኛው ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። አዮዲን 131 የሚባል ጨረር የሚያወጣ አዮዲን ለድመቲቱ በመርፌ ይሰጣል። ዕጢው ከተራው አዮዲን ሊለየው ስለማይችል ስቦ ይወስደዋል። ከዚያም ጨረሩ ከልክ በላይ የሚሠራውን ክፍል ከውስጥ ያጠፋዋል። ጤናማው ክፍል በዚያን ጊዜ ትእዛዝ ስላልደረሰው ሥራ ፈትቶ ያርፋል፤ ስለዚህ ብዙ አዮዲን አይወስድም፤ ይተርፋልም። የአዮዲን 131 ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ይኸው ዘዴ በሰው ላይ የተጀመረው በ1941 ሲሆን፣ በቦስተን ከተማ የሠራው ሐኪም ሶል ኸርትዝ ነበር። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን አይሰጥም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የድመቲቱም የእናትየዋም አንገት አብጧል። አንዷ አዮዲን በመቀነስ ልትታከም ትችላለች፤ ሌላዋ የምትድነው አዮዲን በማግኘት ነው። በሰውም ላይ እንዲሁ አንድ ዓይነት እብጠት ሁለት ተቃራኒ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

8. በቤታችን ምን እናድርግ?

ሀ. የታሸገና አዮዲን እንዳለበት የተጻፈበት ጨው ግዙ። የተሠራበትንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። እናት ማንበብ ካልቻለች ልጅ ያንብብላት።

ለ. ጨውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ አስቀምጡ። ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ አርቁት። ጨው አይታጠብም፤ ከታጠበ አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል።

ሐ. ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ሲፈላ የቆየ ጨው ከአዮዲኑ ይቀንሳል።

መ. አዮዲን ለማግኘት ብላችሁ ጨው አታብዙ። ጨው ሲበዛ የደም ግፊት ያመጣል። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ይበቃል።

ሠ. ጎመንና ካሳቫ የታይሮይድን ሥራ የሚያውክ ነገር አላቸው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን የሚጎዱት በተለይ አዮዲን ሲያንስ ነው። ጨዋችሁ ጥሩ ከሆነ የበሰለ ጎመን ብሉ።

ረ. እንቅርትን አታስተኩሱ፤ አታስበጡ። ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን በፍጹም አትጠጡ። አንገቱ ያበጠ፣ በተለይም ልቡ የሚመታበት ወይም የሚከሳ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር።

ሰ. ነፍሰ ጡር እናቶች ከሁሉ ይቀድማሉ። በእርግዝና ክትትል ጊዜ አንገታችሁን እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። በማኅፀን ያመለጠ አዮዲን በኋላ በትምህርት ቤት አይተካም።

መልመጃ

1. በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፣ በ5 ግራም ጨው ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ይኖራል? ለአንድ አዋቂ ይበቃልን?
2. አምስት አዋቂዎች ያሉበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን 5 ግራም ጨው ቢበላ፣ 500 ግራም ጨው ስንት ቀን ይቆያል?
3. ታይሮይድ አዮዲን ሲያጣ የሚያብጠው ለምንድን ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
4. የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ ያለውን ጨው ተመልከቱ። አዮዲን እንዳለበት ተጽፏልን? የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው? የተቀመጠው የት ነው? መልሱን ለወላጆቻችሁ አንብባችሁ ወደ ክፍል አምጡ።

የ1ኛው ጥያቄ መልስ 150 ማይክሮግራም ነው፤ ለአንድ አዋቂ ይበቃል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይበቃም። የ2ኛው መልስ 20 ቀን ነው። የቀሩትን በክፍል እንነጋገርባቸዋለን።