ሽፋን ሰብል፦ ከመዝራታችን በፊት ወጪና ጥቅሙን እናስላ



በጢቾ ተዳፋት ማሳዎች የበልግ ሰብል ካልተዘራ መሬቱ የመኸር ስንዴ እስኪዘራ ሳይሸፈን ይቆያል፤ የበልግ ዝናብም ለም አፈሩን ያጥባል። በዚህ ጊዜ ቬች መዝራት ይቻላል።

ጥቅሙ፦ ቬች አፈሩን ይሸፍናል፣ አረም ያፍናል፣ በሥሩ ላይ ባሉ ጥቃቅን እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል።

ወጪው፦ በሄክታር ከ25–30 ኪሎ ዘር፣ እርሻ፣ አጨዳና ማሳውን ከልቅ ግጦሽ መጠበቅ። ዝናብ ካጠረም ለስንዴው የሚሆነውን እርጥበት ይጨርሳል።

ልብ በሉ፦ አንዱን ቬች ለከብትም ለአፈርም ሙሉ በሙሉ መስጠት አይቻልም። አጭዳችሁ ካበላችሁት አብዛኛው ናይትሮጅን ከማሳው ይወጣል፤ ስለዚህ ፍጉን ወደ ማሳው መልሱ። ገልብጣችሁ ከቀበራችሁት አፈሩ ይጠቀማል፤ መኖ ግን አይኖርም።

አሠራሩ፦
1. መጀመሪያ በሩብ ሄክታር ሞክሩ።
2. ማበብ ሲጀምር እጨዱ ወይም ገልብጡ፤ ዘሩ ከረገፈ በስንዴው ውስጥ አረም ይሆናል።
3. ስንዴ ከመዝራታችሁ ከ2–3 ሳምንት በፊት ጨርሱ፤ ባያብብም አትጠብቁት።
4. ዩሪያ ወዲያው አትቀንሱ፤ መጀመሪያ ቬች ካልተዘራበት ማሳ ጋር ምርቱን መዝናችሁ አወዳድሩ።

ወጪና ገቢውን መዝግባችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ አሳዩ። ጎረቤትን የሚያሳምነው ተመዝኖ የታየ ምርት ነው።