ሚዛን ወይስ አየር? በሐይቅና በአምባሰል ከፍታ የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላንን ማዘጋጀትና ማመጣጠን

አጠቃሎ

በሬዲዮ የሚመሩ የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላኖች የአዘገጃጀት መመሪያዎች በአብዛኛው የሚጻፉት የበረራ ቦታውን ከፍታ ሳያነሡ ነው። ይህ ጽሑፍ በደቡብ ወሎ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ባለው ከፍታ እንዲህ ያለ ሞዴል ሲዘጋጅ የትኞቹ ልኮች ሊለወጡ፣ የትኞቹ ደግሞ ሳይነኩ ሊቆዩ እንደሚገባ በስሌት ይመረምራል። የክብደት ማዕከሉ ተገቢ ቦታ በከፍታ ምክንያት እንደማይለወጥ፣ የሳሳው አየር ግን የሚዛን ጉድለት የሚመስሉ ሁለት ተቃራኒ ምልክቶችን እንደሚፈጥር ያሳያል። እነዚህን ምልክቶች በባትሪ ሽግሽግ ወይም በእርሳስ ጭማሪ ለማረም መሞከር ደኅና የነበረውን አውሮፕላን ለአደጋ ያጋልጣል።

ቁልፍ ቃላት፦ የክብደት ማዕከል፣ የአየር እፍግታ፣ የርጋታ ህዳግ፣ ስቶል፣ ሞዴል አውሮፕላን

1. መግቢያ

የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን ከማሠልጠኛ ሞዴል የሚለየው በራሱ ወደ ቀና በረራ እንዲመለስ ሳይሆን አብራሪው ባዘዘው መስመር ላይ እንዲቆይ ተደርጎ መሠራቱ ነው። የክንፉ የላይኛውና የታችኛው ጉብታ እኩል ነው፤ በጀርባው ተገልብጦ ሲበርም እንደ ቀና በረራው እንዲታዘዝ ይፈለጋል። በዚህም የተነሣ የርጋታ ህዳጉ ጠባብ ነው፤ የክብደት ማዕከሉ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቢዛነፍ እንኳ በበረራው ላይ ጉልህ ሆኖ ይታያል።

ከፍታ በበረራ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2334 ሜትር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የደቡብ ወሎው የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም ከ1800 ሜትር በላይ ነው። ይሁን እንጂ የትልቅ አውሮፕላን አብራሪ ሞዴል አብራሪው የማያገኘው አንድ ረዳት አለው። የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው በሚመጣው አየር ግፊት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ መለኪያውም ዝቅ ብሎ ያነብባል፤ ስለዚህ አብራሪው የለመደውን ንባብ ሲጠብቅ አውሮፕላኑ በእርግጥ ይበልጥ እየፈጠነ ይበርራል። ሞዴል አብራሪው ግን መሬት ላይ ቆሞ ፍጥነትን በዓይኑ ይገምታል። ዓይን የአየርን እፍግታ አያይም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ስሟን ካገኘችበት ሐይቅ አጠገብ ትገኛለች። መንገዱ ከዚያ አልፎ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ውጫሌ ይዘልቃል። የአካባቢው መሬት ከፍና ዝቅ የሚል በመሆኑ ለስሌቱ የሐይቁ ዳርቻ ከፍታ፣ ማለትም በግምት 2000 ሜትር፣ መነሻ ሆኖ ተወስዷል። በዚህ ከፍታ ዙሪያ በየ300 ሜትሩ የአየሩ እፍግታ በ3 በመቶ ያህል ስለሚለያይ አንባቢ ውጤቱን ለራሱ ቦታ ማስተካከል ይችላል።

2. የስሌቱ መነሻዎች

በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት የባሕር ጠለል አየር እፍግታ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። በ2000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 79.5 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የሙቀት መጠኑ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቀን እፍግታው በሜትር ኩብ 0.929 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የባሕር ጠለሉ 76 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ በመደበኛው ስሌት ከ2800 ሜትር ከፍታ አየር ጋር የሚመጣጠን ነው። 10 ዲግሪ በሆነ ማለዳ እፍግታው 0.978 ይደርሳል።

ለምሳሌነት የተወሰደው አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 140 ሳንቲ ሜትር ነው። ኮርዱ፣ ማለትም ከክንፉ የፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ልክ፣ ሥሩ ላይ 36፣ ጫፉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የፊት ጠርዙ ከሥር እስከ ጫፍ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያዘነብላል። ጠቅላላ ክብደቱ 1.9 ኪሎ ግራም ሲሆን ከዚህ ውስጥ 450 ግራሙ የባትሪው ነው።

3. የማይለወጠው፦ የክብደት ማዕከል

የክብደት ማዕከሉ ተገቢ ቦታ የሚለካው በአማካዩ ኮርድ ነው። በምሳሌው አውሮፕላን አማካዩ ኮርድ 28.8 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሚገኘውም ከመሐል መስመሩ 31.7 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ርቆ ነው። በዚያ ቦታ የፊት ጠርዙ ከሥሩ ይልቅ 3.6 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገብቷል። የክብደት ማዕከሉ በአማካዩ ኮርድ 28 በመቶ ላይ እንዲያርፍ ከተፈለገ፣ በክንፉ ሥር ከፊት ጠርዙ 11.7 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሆናል።

አውሮፕላኑ ርጋታውን የሚያጣበት ገለልተኛ ነጥብ የሚወሰነው በክንፉና በጅራቱ ስፋት፣ ቅርጽና ርቀት ነው። ይህ ነጥብ በ38 በመቶ ላይ ቢወሰድ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የርጋታ ህዳግ 10 በመቶ ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ የአየር እፍግታ አይገባም፤ ክንፉም ጅራቱም በአንድ አየር ውስጥ ስለሚበርሩ አየሩ ሲሳሳ የሁለቱም ኃይል በእኩል ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በትክክል የተመጣጠነ አውሮፕላን በሐይቅም የተመጣጠነ ነው።

የማመጣጠኑ ሥራ ቅደም ተከተልም እንደ ተለመደው ነው። በመጀመሪያ ክንፉና አግድም ጅራቱ ከአካሉ መሐል መስመር ጋር ያላቸው ዝንባሌ ይመረመራል። ቀጥሎ አውሮፕላኑ ባትሪውን ጨምሮ ለበረራ ዝግጁ እንደሆነ በክብደት ማዕከሉ ላይ ይደገፋል። ከዚያም ከፊት በፕሮፔለሩ ዘንግ፣ ከኋላ በጅራቱ ተንጠልጥሎ የትኛው ክንፍ እንደሚያዘነብል ይታያል፤ በቀለለው ክንፍ ጫፍ ላይ ጥቂት ግራም ይጨመራል። በመጨረሻም ሰርቮዎቹ መሐል ላይ ሲሆኑ ኤሌቬተሩ፣ ኤይለሮኖቹና ራደሩ ቀጥ ማለታቸው ይረጋገጣል። የፊትና የኋላ ሚዛን በተቻለ መጠን በባትሪው ቦታ እንጂ በተጨማሪ ክብደት አይስተካከልም። ባትሪው 1 ሳንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ የክብደት ማዕከሉ 2.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአማካዩን ኮርድ 0.8 በመቶ ይንቀሳቀሳል።

4. የሚለወጠው፦ ፍጥነት፣ ግፊትና ስፍራ

4.1 የስቶል ፍጥነት

የክንፉ ከፍተኛ የማንሳት ቁጥር 1.1 ቢወሰድ፣ የምሳሌው አውሮፕላን በባሕር ጠለል ስቶል የሚያደርገው በሰከንድ 8.4 ሜትር ሲበርር ነው። በሐይቅ የ25 ዲግሪ ቀን ይህ ፍጥነት በ15 በመቶ ጨምሮ ወደ 9.65 ይደርሳል። በባሕር ጠለል ለማረፍ በሰከንድ 10 ሜትር መቅረብን የለመደ አብራሪ ከስቶል በላይ 19 በመቶ መጠባበቂያ ነበረው። ያንኑ ፍጥነት በዓይኑ ገምቶ በሐይቅ ሲቀርብ የሚቀረው መጠባበቂያ ከ4 በመቶ በታች ነው።

4.2 የፕሮፔለር ግፊት

በተመሳሳይ የዙር ብዛት የፕሮፔለር ግፊት ከአየሩ እፍግታ ጋር በቀጥታ፣ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ደግሞ በተመጣጣኝ ይለዋወጣል። የጠፋውን ግፊት ለመመለስ ዲያሜትሩ 7 በመቶ ያህል ቢያድግ ይበቃል፤ መመሪያው 13 ኢንች ካዘዘ በሐይቅ 14 ኢንች ይሆናል ማለት ነው። ከመብረር በፊት ፕሮፔለሩ ከመሬት ያለው ርቀት መታየት፣ ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክም በመለኪያ መረጋገጥ አለበት፤ ስስ አየር ሞተሩንና የፍጥነት መቆጣጠሪያውን የሚያቀዘቅዘው በዝግታ ነውና። ነዳጅ በሚጠቀም ሞተር ደግሞ በየመጠኑ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚያንስ የካርቡረተሩ የነዳጅ መጠን መቀነስ ይኖርበታል።

4.3 የመነሻና የትርዒት ስፍራ

ፕሮፔለሩ ሳይቀየርና የዙሩ ብዛት እንዳለ ሆኖ፣ የመንኮራኩሩ ሰበቃ ካልታሰበ፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ወደ 1.7 እጥፍ ይረዝማል። በአየር ላይ በሚሠራ ሉፕም የክቡ ራዲየስ በ32 በመቶ ያድጋል፤ በባሕር ጠለል 30 ሜትር የነበረው 40 ሜትር ያህል ይሆናል። ሉፑን በለመደው ከፍታ የጀመረ አብራሪ የታችኛውን ግማሽ ለመጨረስ መሬቱ ሊቀድመው ይችላል።

የመሪ ክንፎቹ የመታጠፍ መጠን ግን መጨመር አያስፈልገውም። አውሮፕላኑ በታረመው ፍጥነት፣ ማለትም 15 በመቶ ጨምሮ ሲበርር መሪዎቹ የሚያገኙት ኃይል ከባሕር ጠለሉ ጋር እኩል ነው፤ በዘንጉ ዙሪያ የሚሽከረከርበት ፍጥነት እንዲያውም በዚያው መጠን ይጨምራል።

5. ሁለቱ አሳሳች ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት አፍንጫው የከበደ ማስመሰል ነው። አውሮፕላኑ ለዓይን በለመደው ፍጥነት ሲበርር ክብደቱን ለመሸከም የሚፈልገው የማንሳት ቁጥር በ32 በመቶ ስለሚጨምር አብራሪው ኤሌቬተሩን ይበልጥ ወደ ላይ ለመያዝ ይገደዳል። ይህን የሚዛን ጉድለት አድርጎ የወሰደ ባለቤት ባትሪውን ወደ ኋላ ይገፋል። በ6 ሳንቲ ሜትር ቢገፋው የክብደት ማዕከሉ የኮርዱን 5 በመቶ ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የርጋታ ህዳጉም በግማሽ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ምልክት የዚህ ተቃራኒ ነው። አውሮፕላኑ በታረመው ፍጥነት ሲበርር የአፍንጫውን ከፍና ዝቅ የማለት ውዝዋዜ የሚያበርደው ኃይል ከባሕር ጠለሉ በ13 በመቶ ያንሳል። ርጋታው ሳይጓደል አውሮፕላኑ የላላ፣ ጅራቱ የከበደ ይመስላል። በዚህ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ አፍንጫው ላይ እርሳስ መጨመር ነው። ከክብደት ማዕከሉ 35 ሳንቲ ሜትር ፊት ለፊት 100 ግራም ቢጨመር፣ ማዕከሉ በ6 በመቶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የስቶል ፍጥነቱም ወደ 9.9 ከፍ ይላል። በሰከንድ 10 ሜትር ለማረፍ ለሚቀርበው አብራሪ የሚቀረው መጠባበቂያ 1 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱም እርማቶች በቅን ልብ የሚደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የአየሩን ጉዳይ በአውሮፕላኑ ላይ ያሳብባሉ።

6. መለያው ፍተሻ

ማለዳና ቀትርን ማነጻጸር ለመለያነት አይበቃም። በ10 እና በ25 ዲግሪ መካከል ያለው የስቶል ፍጥነት ልዩነት ከ3 በመቶ በታች ስለሆነ በዓይን አይያዝም። የሚያስተማምኑት ከአየሩ እፍግታ ነጻ የሆነ ምላሽ የሚሰጡ ሁለት ፍተሻዎች ናቸው፤ ሁለቱም በበቂ ከፍታ ሊደረጉ ይገባል።

የመጀመሪያው፣ አውሮፕላኑ በ45 ዲግሪ እየወጣ በጀርባው ተገልብጦ ኤሌቬተሩ ሲለቀቅ የሚታየው መስመር ነው። መስመሩ ወዲያው ወደ መሬት ከታጠፈ አፍንጫው ከብዷል፤ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ከወረደ ሚዛኑ ደኅና ነው፤ ወደ ሰማይ ከታጠፈ ጅራቱ ከብዷል። ሁለተኛው፣ በአግድም በረራ የተስተካከለው አውሮፕላን ሞተሩ ተቀንሶ አፍንጫው ወደ ታች ሲደረግ የሚያሳየው ባሕርይ ነው። በራሱ በኃይል ቀና ካለ ማዕከሉ ወደ ፊት፣ ቁልቁለቱን እያባሰ ከሄደ ወደ ኋላ ተዛንፏል። በሁለቱም ፍተሻ ደኅና ሆኖ የተገኘ አውሮፕላን በማረፊያ ጊዜ ቢከብድ ወይም ክንፍ ቢጥል፣ ሊታረም የሚገባው ፍጥነቱ ነው።

ነፋስም በዚህ ላይ ይታከላል። በፀሐያማ ቀን መሬቱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ማምራት ይቀናዋል። አውሮፕላኑ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ሲያልፍ ለዓይን የፈጠነ ይመስላል፤ ይህን አይቶ ሞተሩን የሚቀንስ አብራሪ ቀድሞም የጠበበውን መጠባበቂያ ያጣል። ስለዚህ ፍተሻዎቹ ነፋሱ ከመበርታቱ በፊት በማለዳ ቢደረጉ ይመረጣል።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

በሐይቅና በአምባሰል ከፍታ የክብደት ማዕከሉና የመሪዎቹ መታጠፊያ መመሪያው እንዳዘዘው ይቆዩ፤ ፕሮፔለሩ በዲያሜትር 7 በመቶ ይደግ፤ የማረፊያው ፍጥነት 15 በመቶ ይጨመር፤ ለሉፕ የሚተወው ከፍታ በአንድ ሦስተኛ ይስፋ። ከመጀመሪያው በረራ በፊት ማዕከሉ በስሌትና በሚዛን ተረጋግጦ ይመዝገብ። ከሁለቱ ፍተሻዎች በፊት ባትሪው አይንቀሳቀስ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይቀየር።

የማንኛውም ሰው አልባ አውሮፕላን በረራ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ቦታውም ከሰው፣ ከከብት፣ ከመንገድና ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የራቀ ሊሆን ይገባል። ወደ 2 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አውሮፕላን ስቶል አድርጎ ሲወድቅ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ ላይቀር ይችላል። መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ለተማሪ ቡድን አንድ ስብራት የአንድ ዓመት ሥራ ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። በቀጣይ ጥናት አነስተኛ የአየር ፍጥነት መለኪያ በሞዴል ላይ ተገጥሞ በተለያየ ከፍታ ቢመዘገብ፣ እዚህ በስሌት የቀረበው በልኬት ሊፈተሽ ይችላል።