ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ፦ ገዢም ነጋዴም የሚከስሩበት ሒሳብ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በአንድ ጎሚስታ ደጃፍ ያየነው ክርክር ለዚህ ሳምንት የገበያ ትምህርታችን መነሻ ሆኗል።

ባለጉዳዩ በቪትዝ መኪናው ራይድ የሚሠራ ወጣት ነው። ዕቁብ ወጥቶለት አራቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ሊቀይር ቆርጧል። መኪናው ላይ ያለው ያለቀ ጎማ 165/70 አር 14 ሲሆን፣ አንድ ነጋዴ በፒክአፕ ጭኖ ያመጣለት ደግሞ 195/60 አር 14 ነው። «ወንድሜ፣ 14 አይደል? ይኸውልህ 14! ሰፊ ስለሆነ መሬት ይይዛል፤ መኪናህም ታምራለች፤ ዋጋውም ከጠባቡ ይቀንሳል» ይለዋል ነጋዴው። ጎሚስታው አዛውንት ናቸው። ምንም ሳይናገሩ የተፈታውን ቸርኬ አገላብጠው በቫልቩ አጠገብ ያለውን ጭቃ በጨርቅ ጠረጉትና «14 በ5 ጄ» የሚለውን ማኅተም አሳዩት። «ልጄ፣ መግባቱን ይገባል። አስገባው ካልከኝም አስገባዋለሁ። ግን አይሆንም» አሉት። ነጋዴው «ኧረ ጋሼ፣ ገበያዬን አይዝጉብኝ!» አለ።

ነጋዴው አጭበርባሪ አልነበረም። ያልሸጠለት አስመጪ በቅናሽ የለቀቀውን ጎማ ሰብስቦ የገዛ ሰው ነው። ስሌቱም ቀላል ነበር፦ በከተማው ቪትዝ ሞልቷል፣ የቪትዝ ቸርኬ 14 ነው፣ ስለዚህ 14 ጎማ ይሸጣል። የተሳሳተው በአንዲት ቁጥር ብቻ ነው፤ ያቺ ቁጥር ግን ካፒታሉን አስራበታለች።

እንግዲህ ቁጥሮቹን እናንብብ። በ165/70 አር 14 ላይ 165 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ሲሰላ ነው፤ 14 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። ገበያው ሁልጊዜ የሚጠራው ይህንኑ የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ጎማው ላይ ከቶ የማይጻፈው፣ ቸርኬው ላይ ብቻ የሚገኘው ቁጥር ግን የቸርኬው የውስጥ ስፋት ነው፤ በእኛ ቪትዝ 5 ኢንች። በብረት ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ ከፊት፣ በአሎይ ላይ ደግሞ ከክንዶቹ ጀርባ ተሸሽጎ ይገኛል።

እያንዳንዱ የጎማ ልክ የሚቀበለው የቸርኬ ስፋት ከዚህ እስከዚህ ተብሎ የተወሰነ ነው፤ የአውሮፓው የጎማና ቸርኬ የቴክኒክ ድርጅትና የጎማ ፋብሪካዎች በሰንጠረዥ ያወጡታል። 165/70 አር 14 ከ4.5 እስከ 6 ኢንች ይቀበላል። 175/65 አር 14 ከ5 እስከ 6፣ 185/65 አር 14 ከ5 እስከ 6.5 ነው። የነጋዴው 195/60 አር 14 ግን ከ5.5 ጀምሮ እስከ 7 ነው። በ5 ኢንች ቸርኬ ላይ ሕጋዊ ቦታ የለውም።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቁመት ከታየ 195/60 አር 14 ለቪትዝ የተሰፋ ይመስላል። የፋብሪካው ጎማ ሙሉ ዲያሜትር 586.6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የዚህኛው 589.6 ነው። ልዩነቱ በመቶ ግማሽ ብቻ በመሆኑ የፍጥነት መቁጠሪያው እንኳ አይነቃበትም። በዲያሜትር ብቻ ለሚያስብ ሰው «ይሄዳል» ማለት ይህ ነው።

የማይሄደው ለምንድን ነው? ባለሽቦው የጎማ ጠርዝ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ጎኖች ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ ጎማው እንደ ፊኛ ያብጣል። መሬት የሚነካው ጥርስ መሐሉ ይጎብጣል፤ ስለዚህ መሐሉ ቀድሞ ያልቃል። መሪ ሲጠመዘዝ ቸርኬው ቀድሞ ይዞራል፣ ጎማው ዘግይቶ ይከተላል፤ «መሬት ይይዛል» የተባለው መኪና እንደ ጀልባ ይዋልላል ማለት ነው። ጎኑ በተጣጠፈ ቁጥር ይሞቃል። ነፋሱ ቀንሶ በፍጥነት ኩርባ ሲዞር ደግሞ ጠርዙ ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ተጨማሪ ወጪን ከተጨማሪ ጥቅም ጋር ማስተያየት አይተውምና (የዚህ ገጽ አዘጋጅም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለም) ስሌቱን እንሥራው። ቸርኬ በግማሽ ኢንች ሲጠብ የጎማው ስፋት በግምት 5 ሚሊሜትር ይቀንሳል። 195/60 ጎማ ልኩ በሆነው 6 ኢንች ቸርኬ ላይ 201 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ በ5 ኢንች ላይ ወደ 191 ይወርዳል። 165/70 ደግሞ ልኩ በሆነው 5 ኢንች ላይ 170 ነው። ስለዚህ ወረቀቱ 30 ሚሊሜትር ጭማሪ ሲል ገዢው የሚያገኘው 21 ገደማ ነው። የቀረውን 9 ሚሊሜትር ቸርኬው በልቶታል። ያም ቢሆን ጥርሱ ጠፍጥፎ ባይቀመጥበትም ነው።

ስፖርት መኪና የሚወዱትም ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በ5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 185/60 አር 14 ይዛ ነበር። ባለቤቱ ቸርኬውን ሳይቀይር 195/60 ቢያስገባ በተፈቀደው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ዲያሜትሩም በመቶ 2 ይጨምራል። 205/60 ቢያስገባ በሰንጠረዡ ላይ አሁንም 5.5 ይፈቀድለታል፤ ዲያሜትሩ ግን ከመቶ 4 በላይ ስለሚያድግ መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናዋ 83 ትሮጣለች፣ ፓራፋንጎም መንካት ይጀምራል። ስፋት ከልቡ የሚፈልግ ሰው ቸርኬውንም አብሮ ያሰፋል። ከተማችን ውስጥ የምናየው ቮልስዋገን አይዲ 4 ከፋብሪካ ሲወጣ ከፊት 235 ከኋላ 255 ይዞ ነው፤ የኋላው ቸርኬም አብሮ ሰፍቷል። የእኛ ሰፈር ስፖርት መኪና ዲኤክስ ናት፤ ዝቅ አድርገው ሰፊ ጎማ የሚያለብሷት ወጣቶችም ሶማሌ ተራ ሄደው ሰፊ ቸርኬ ከፈለጉላት ሥራቸውን አውቀውታል እንላለን።

ስለ ክረምቱም አንድ ነገር። መኪናው በመሬት ላይ የሚያርፍበት ስፍራ መጠን የሚወሰነው በዋናነት በክብደቱና በነፋሱ ልክ ነው። ጎማ ሲሰፋ ቅርጹ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያጥራል እንጂ ስፍራው ስፋቱን ያህል አያድግም። በደረቅ አስፋልት ኩርባ ላይ ይህ ይጠቅማል። ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ ግን ሰፊና ቀላል መኪና ውኃውን ቀዶ ከመሬት ከመገናኘት ይልቅ ቀድሞ ይንሳፈፋል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን ከበደ? በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ያለውን መኪና አሰንብቶ መያዝ ግድ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ጎማ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነውና ያለ ልኩ የተገዛ ጎማ የሚያደርሰው ኪሳራ የድሮው ዓይነት አይደለም።

ለነጋዴው የምንለው ጎማ ሲሰበስብ «ስንት 14 መኪና አለ» ብሎ ሳይሆን «ስንት 5፣ ስንት 5.5 ቸርኬ አለ» ብሎ ይቁጠር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የጭነት ቁጥሩን ይይ፤ 81 ለአንድ ጎማ 462 ኪሎ፣ 82 ደግሞ 475 ኪሎ ነው፤ ከፋብሪካው በታች አይወረድም። በዲ.ኦ.ቲ ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉና፣ ቅናሹ ከልክ በላይ ሲሆን በመጀመሪያ እነሱን ማንበብ ይገባል። የመኪና ደላሎችም «ሰፊ ጎማ አለው» ብለው ዋጋ ከመጨመራቸው በፊት ጎንበስ ብለው ቸርኬውን ቢያዩ አይጎዱም።

ወጣቱ በመጨረሻ የወሰደው 175/65 አር 14 ነው። ዲያሜትሩ ከፋብሪካው በመቶ 0.6 ብቻ ያንሳል፣ ትክክለኛ ቸርኬውም 5 ኢንች ነው። 185/65ም ይፈቀድለት ነበር፤ ግን በመጨረሻው ጠርዝ ላይ ስለሚቆምና ዲያሜትሩ በመቶ 1.6 ስለሚጨምር፣ አራት ሰው ጭኖ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የሚነካ ነገር መኖር አለመኖሩን መፈተሽ ይጠይቃል። ጎሚስታው ለነጋዴውም አልጨከኑበትም። «ቸርኬያቸው 5.5 የሆኑ አሮጌ ኮሮላዎች አሉ፤ 185/65 አር 14 የሚያደርጉትን ጠይቅ፤ ማኅተሙን ሳታይ ግን እንዳትሸጥ» ብለውት ሁለት ደንበኞቻቸውን በስልክ ጠሩለት።