ልጅ በገዛ እጁ እንዲጐርስ ስለ ማስተማር

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው መሣሪያ ሁሉ እጅን የሚያህል የለም። ሰው በእጁ ያርሳል፥ ይጽፋል፥ ይፈትላል፥ ይጐርሳል። ነገር ግን እጅ ያለ ትምህርት ሥራን አያውቅም። ጤነኛ ልጅ የእናቱንና የአባቱን እጅ እያየ ሳይታወቀው ይማራል፤ አካሉ የደከመ ወይም የአእምሮው ዕድገት ከሌላው የተለየ ልጅ ግን ጥቂት በጥቂት፥ በብዙ ትዕግሥት ካላስተማሩት በቀር ይህን አያገኘውም።

ይህን ትምህርት የሚሰጥ አንድ የታወቀ ጥበብ አለ፤ ስሙም ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። በአማርኛ የዕለት ተግባር ሕክምና ብንለው ትርጓሜው ይስማማል። የዚህ ጥበብ መሥራቾች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። በዚህ ሕክምና ሥራው ራሱ መድኃኒት ነው። የልጅ ሥራው ምንድር ነው ቢሉ፥ መብላት፥ መልበስ፥ መታጠብ፥ መጫወትና መማር ነው።

በአገራችንም እንዲህ ያሉትን ልጆች የሚረዱ ተነሥተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚሆን ጆይ የተባለውን ማእከል በአዲስ አበባ ከፈቱ። እርሳቸውም ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ፤ በ2021 ዓ.ም. ዐረፉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከካናዳው ከኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ይህን ሙያ ለተማሪዎች ማስተማር ጀምሯል።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ባለሙያው አንዱን ተግባር በብዙ ክፍል ይከፍለዋል። ካልሲ ማጥለቅን ብንወስድ፥ በመጀመሪያው ቀን ካልሲውን እስከ ቍርጭምጭሚት ድረስ ያጠልቅለትና የቀረችውን ጥቂት ልጁ ራሱ ይስባል። ይህን ሲለምድ እስከ ተረከዝ ብቻ ያደርስለታል፤ ኋላም እስከ ጣቶቹ። እንዲህ ሲሆን ሥራውን የሚፈጽመው ሁልጊዜ ልጁ ነውና ደስ ይለዋል፤ ነገም ሊሞክር ይወዳል። ግማሽ አካሉ የደከመውን ልጅ ሲያለብሱት የደከመውን ክንድ አስቀድመው ያስገባሉ፤ ሲያወልቁለት ግን ከጤነኛው ክንድ ይጀምራሉ። ማንኪያ መጨበጥ ለሚያስቸግረው እጀታውን በጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩለታል። እግሩም መሬት እንዲረግጥ ዝቅ ባለ መቀመጫ ያስቀምጡታል፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ሰውነቱ የሚናወጥ ልጅ እጁን ሊያዝዝ አይችልምና።

እንጀራ ለመቍረስና ወጥ ለመጥቀስ ጣቶች እርስ በርሳቸው ሊተባበሩ ይገባል። ስለዚህ ልጁ ምስር እንዲለቅም፥ ሊጥም እንዲያሽ ያደርጉታል። ተረታችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። እውነት ነው፥ ለራት አይበቃም። ነገር ግን ይህ ልጅ የሚያሸው ለገዛ ጣቶቹ ብርታት ነው፤ ለዚህስ ይበቃል።

ደግሞ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የሚኖር አንድ ልጅ አለ እንበል። አውሮፕላን በላዩ ባለፈ ጊዜ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፥ ማዕዱንም ትቶ ይሸሻል። ጎረቤቱ «ባለጌ ነው» ወይም «ጋኔን ይዞታል» ይል ይሆናል። ባለሙያው ግን ለሌላው ቀላል የሆነው ድምፅ ለዚህ ልጅ እጅግ የሚከብድ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ የጆሮ መሸፈኛ ይሰጠዋል፥ ጸጥ ያለ ማረፊያም ያዘጋጅለታል። ልጁም ልቡ ሲረጋ ወደ ማዕዱ ይመለሳል። ቍጣና ዱላ ግን ፍርሃቱን ከመጨመር በቀር የሚያደርጉለት ነገር የለም።

እንዲህ ያለውን ልጅ የሚጐዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ማፈር፥ ሁለተኛውም ያለ ልክ ማዘን ነው። የሚያፍር ወላጅ ልጁን በጓዳ ይሸሽገዋል፤ የቤተ ሰቡ ኀጢአት ያመጣው ይመስለዋልና። ነገር ግን ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፥ እርሱም ወላጆቹም በደለኞች አለመሆናቸውን እንደ ተናገረ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ያለ ልክ የምታዝን እናት ደግሞ ልጅዋ ዐሥር ዓመት እስኪሞላው ድረስ ታጐርሰዋለች። ጕርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ዳሩ ግን እርስዋ በሌለችበት ቀን ማን ያጐርሰዋል? በገዛ እጁ መጕረስን የተማረ ልጅ ግን አንድ ቀን እናቱን ራስዋን ያጐርሳል።

ሁሉን ለመሥራት የማይችል ልጅ መኖሩም እውነት ነው። እርሱም ቢሆን የሚችለውን ጥቂት ነገር ይሥራ፤ የቀረውን ሌላ ሰው ይሙላለት። አንዲት ቍልፍ በገዛ እጁ የቈለፈ ልጅ በዚያች ቍልፍ ክብርን አግኝቷል።

ስለዚህ ተማሪ ሆይ፥ ባልንጀራህ ጫማውን ለማሰር ሲዘገይ ብታየው አትሣቅበት፥ ክሩንም ከእጁ አትንጠቅ። በአጠገቡ ቆመህ ጠብቀው፤ ርዳኝ ቢልህም የጐደለውን ብቻ ርዳው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳልና።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ ካልሲ ማጥለቅን ሲያስተምሩ ለልጁ የሚተዉለት የትኛውን ክፍል ነው? ስለ ምን?
፪ኛ፤ ያለ ልክ ማዘን ልጅን የሚጐዳው እንዴት ነው?
፫ኛ፤ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ካለ ደካማ ልጅ ጋር ምን ሥራ አብረህ ልትሠራ ትችላለህ?